የአጥር ቁጥቋጦዬ ከታች ባዶ ቀረ፤ ልንቀለው ወይስ ይድናል?

የስድስት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው፣ ጠባብ ነው። የብሎኬት አጥሩን ይሸፍንልናል ብለን ከሁለት ክረምት በፊት ሊጉስትረም ተከልን፤ ያ ትንንሽ አብረቅራቂ ቅጠል ያለው፣ በየግቢው በመቀስ ተከርክሞ የሚታየው። አሁን ትከሻዬ ደርሷል። ግን ከላይ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ እንጨቱ ብቻ ነው የሚታየው። በዚያ ላይ አንድ ጥግ ያሉት አራት አምስት እግሮች ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ባለቤቴ ፍግ ይጨመርበት ይላል። እናቴ ደግሞ ይነቀልና የፈረንጅ ጥድ ይተከል ትላለች። ግንቦት ሳያልቅ መወሰን ፈልጌ ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

ጓሮ ሸገር፦
ፍጉ ይቆይ። የታችኛው ክፍል የተራቆተው ርቦት ሳይሆን ብርሃን አጥቶ ነው። ከላይ ሲሰፋ የታችኛውን ይጋርደዋል። ብዙ ሰው ችግኙን ተክሎ "ይደግ" እያለ ቁመቱ እስኪሞላ አይነካውም። ይሄ ተክል ደግሞ ጫፉ በልጅነቱ ካልተቆረጠ ሽቅብ ብቻ ነው የሚሮጠው፤ ከታች ቅርንጫፍ ማውጣት ይሰንፋል።

መፍትሔው ወደ ታች መቁረጥ ነው። ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል ተዪና የቀረውን አንሺው። ልብ ይጠይቃል፣ ግቢው ለጥቂት ወር ያስጠላል። ግን ሊጉስትረም የወይራ ዘመድ ነው፤ ከአሮጌ እንጨት እንደገና ያቆጠቁጣል። ጥድ እንዲህ ቢቆረጥ አበቃለት። ለእናትሽ ይቅርታ ጠይቂልኝና ጥዱ ይቅር።

ሲያቆጠቁጥ ዝም ብለሽ አትዪው። አዲሱ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ባደገ ቁጥር ግማሹን ቅረጪ። ስትከረክሚ ደግሞ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል። ፍጉን ያኔ ስጪው፣ ግን በደንብ የበሰበሰውን፣ ግንዱንም ሳይነካ።

የቄራው፦
ልክ ነው፣ ግን ጊዜው ይታሰብበት እንጂ! በግንቦት ፀሐይ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ዛሬ ብትቆርጪው ታቃጥይዋለሽ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጸና ቁረጪ፤ ክረምቱን ሙሉ ያቆጠቁጥልሻል። ጥቅምት ላይ የሚቆርጡ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ዝናቡ ሄዷል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለለጋ ቅጠል አይመችም።

አበባ ወዳዷ፦
ልጄ፣ ስለ ቢጫዎቹ ማንም አልመለሰልሽም። እዚያ ጥግ ውሃ ይወርዳል?

የስድስት ኪሎዋ፦
አዎ እማማ! የጣራው አሸንዳ እዚያው ነው የሚያፈሰው። እንዴት አወቁ?

አበባ ወዳዷ፦
አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ ሁልጊዜ መጀመሪያ ውሃውን ነው የምጠረጥረው። በዶማ ገለጥ አድርጊና ሥሩን በጣትሽ ሳብ አድርጊው። ጤነኛው ጠንከር፣ ነጣ ያለ ነው። የበሰበሰው ይጠቁራል፣ ልጡ እጅሽ ላይ ይቀራል፣ ይሸታል። ከዚያ አጠገቡ ጉድጓድ ቆፍረሽ ማታ ውሃ ሙዪበት። ጠዋት ውሃው እንዳለ ከጠበቀሽ ማዳበሪያ ገንዘብ ማባከን ነው። አሸንዳውን በቱቦ ወደ ሌላ መልሱት፤ የሞቱትን ነቅላችሁ አፈሩን ከፍ አድርጉት።

ቢጫነቱ ለጋው ቅጠል ላይ ብቻ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ቢሆን ግን ሌላ ነገር እል ነበር። ግንበኞች የሲሚንቶ ፍርስራሽ አጥር ሥር ቀብረው ሲሄዱ እንዲያ ያደርገዋል።

የስድስት ኪሎዋ፦
የእኔ ቅጠሉ በሙሉ ነው ቢጫ የሚሆነው። እንግዲህ ውሃው ነው ማለት ነው። በሞቱት ፋንታ ችግኝ ልግዛ?

ጓሮ ሸገር፦
ምን ሲደረግ! ሰኔ ላይ የምትቆርጪው ራሱ ችግኝ ነው። ከጤነኞቹ እግሮች እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን ምረጪ፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር አድርጊው። የታችኛውን ቅጠል አራግፊና ግማሹን ጥላ ያለበት አፈር ውስጥ ቅበሪ። ሁሉም ባይይዝም ብዙው ይይዛል፤ ስለዚህ ከሚያስፈልግሽ እጥፍ ትከዪ። በሚቀጥለው ክረምት ወደ አጥሩ ስታዛውሪ በመካከላቸው ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ይኑር። ያን ቀንም ሲሶውን ቁረጪለት፣ እሺ?

ማታ አንባቢ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ቁራጩን ለበግ እንዳትሰጡ። ቅጠሉም፣ ያ ጥቁር ትንንሽ ፍሬውም መርዝነት አለው። ወፎች ግን ፍሬውን ይበሉና ዘሩን በየቦታው ይበትኑታል፤ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ እንደ ወራሪ አረም የሚታየው በዚህ የተነሳ ነው። ነጩ አበባ እንደጠወለገ ከከረከማችሁት ፍሬ አይዝም።

የስድስት ኪሎዋ፦
በግ የለንም፣ ያገኙትን ሁሉ አፋቸው የሚከቱ ልጆች ግን አሉን። አበባውን አላሳድረውም። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለዚህ ሁሉ የቤት መቀስ ይበቃል?

የቄራው፦
ኧረ በፍጹም! አውራ ጣት ለሚያህለው እንጨት ትንሽ መጋዝ ተዋሺ፣ ለቀጭኑ የአትክልት መቀስ። ደነዝ ከሆነ በየሰፈሩ እየዞረ ቢላ ለሚስለው ሰው ስጪው፤ ደነዝ መቀስ እንጨቱን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀው ጫፍ ደግሞ ይደርቃል። ጤነኞቹን አስቀድመሽ፣ ቢጫዎቹን መጨረሻ ላይ ቁረጪ። ስትጨርሺ ምላጩን ውሃ በገባበት በረኪና ጥረጊና በደንብ አድርቂው፤ እርጥብ ካስቀመጥሽው ይዝጋል።