ሳያርስ ስንዴ ዘርቶ የተሳካለት አለ? ኦሃዮ ነኝ

የጓሮ ገበሬ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ኮሎምበስ ኦሃዮ ነው የምኖረው፣ ከቤቴ ጀርባ 10 በ10 ሜትር የሚሆን ሳር አለ፣ እሱ ላይ ሳላርስ ስንዴ ማብቀል አማረኝ። ፉኩኦካ የሚባል ጃፓናዊ ሳያርስ ክሎቨር (መሬት የሚሸፍን የመኖ ተክል) ውስጥ እህል ይዘራ ነበር ሲባል ሰምቼ አምና ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ሳሩን አጭጄ ስንዴና ነጭ ክሎቨር ቀላቅዬ በተንኩት። ግማሹን ወፍ ለቀመው፣ የበቀለውን ደግሞ ሳሩና ክሎቨሩ ዋጡት፣ ዘንድሮ ጁላይ ያጨድኩት አንድ ጆግ አይሞላም። ሚስቴ እስከዛሬ "ክቡር የግብርና ሚኒስትር" እያለች ትጠራኛለች። አሁን ኦገስት ገባ፣ ምን ላስተካክል? ቲለር (የማረሻ ማሽን) ተከራይ እንዳትሉኝ፣ ወገቤን ያመኛል።

የአርሲው፦
ወንድሜ ስህተቱ አለማረስህ አይደለም፣ ሳሩን ሳትገድል መዝራትህ ነው። አባቶቻችን ደጋግመው የሚያርሱት አፈር ለማለስለስ ብቻ መሰለህ? አረም ለመግደል ጭምር ነው እኮ። ማረሻውን ከተውክ ያንን ስራ የሚሰራልህ ሌላ ነገር ያስፈልግሃል። ማጨድ ደግሞ ሳርን አይገድልም፣ እንደውም ያወፍረዋል።

እትዬ ጓሮ፦
እኔ ሜሪላንድ ነኝ ልጄ። ጥቁር ሸራ ግዛ፣ ብርሃን የማያሳልፈውን ወፍራሙን፣ ሳሩን ወደ መሬት አስጠግተህ እጨድና ውሃ አጠጥተህ ሸፍነው፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ አስረው። ዛሬ ብትሸፍነው እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ስምንት ሳምንት ገደማ ይሆነዋል፣ ስትገልጠው ሳሩ ገለባ መስሎ ታገኘዋለህ፣ ትሉም አፈሩን አላልቶልህ ይጠብቅሃል። እንደ ሰርዶ በምድር ውስጥ የሚሄድ ሳር ካለህ ግን ስምንት ሳምንት አይበቃውም፣ ዳር ዳሩን እየተከታተልክ በእጅህ ንቀል። አህያዋ እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች ይባላል፣ የኔን ጓሮ ብታይ አትጨነቅም ነበር 😂

ሃምቡርግ፦
የፉኩኦካን ነገር ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያወራው። ሰውየው ሺኮኩ ደሴት ነው የነበረው፣ ብርዱ ቀላል ነው፣ ገብሱን ሩዙ ገና ሳይታጨድ መሃሉ ይበትናል፣ ከአጨዳ በኋላ ገለባውን መልሶ ያለብሰዋል። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ማሳው ላይ ለጥቂት ቀን ውሃ ያስተኛል፣ ክሎቨሩና አረሙ የሚዳከመው ያኔ ነው። አንተ ጋ ያ ውሃ የለም፣ ስለዚህ ክሎቨሩን ከስንዴው ጋር አብረህ አትዝራ፣ ያሸንፈዋል።
እኔ የማደርገው ስንዴውን ብቻውን ከብርዱ ወራት በፊት እዘራና ክሎቨሩን ፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይ ማርች መጀመሪያ፣ ሌሊት መሬቱ በረዶ ሆኖ ቀን ሲቀልጥ፣ በጠዋት ወጥቼ እበትነዋለሁ። አፈሩ ሲቀዘቅዝና ሲፈታ ትናንሽ ስንጥቆች ይከፍታል፣ ዘሩን ራሱ ይውጠዋል፣ እጅህን እንኳ አታቆሽሽም። ለአንተ ቦታ ቀይ ክሎቨር 100 ግራም ገደማ ይበቃል። ያኔ ስንዴው ቀድሞ ስለተነሳ ክሎቨሩ ከስር ይቆያል፣ ከአጨዳ በኋላ ነው የሚፈነጨው።

የአርሲው፦
ሃምቡርግ ያለው ልክ ነው። አንድ ልጨምር፣ ሴፕቴምበር መጀመሪያ መዝራትህም ቸኩለሃል፣ የሄሲያን ዝንብ የሚባል አለ እንቁላሉን ቀድሞ የበቀለ ስንዴ ላይ ይጥላል። ኦሃዮ ውስጥ ከዝንቡ ነፃ የሚባለው ቀን ከሰሜን ወደ ደቡብ ስትሄድ ከሴፕቴምበር 22 እስከ ኦክቶበር 5 ነው፣ እሱ ካለፈ በኋላ ዝራ። አትበትን ደግሞ። በእጅ መቆፈሪያ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ጠለቅ የሚል መስመር ጫር አድርግ፣ በመስመሩ መሃል 20 ሴንቲ ተው፣ ዘሩን አንጠባጥበህ አፈሩን መልስና በጫማህ ረገጥ ረገጥ አድርገው፣ ዘርና አፈር ካልተነካኩ ውሃ ከየት ይጠጣል? ወፉም ያን ያህል አያገኘውም። ከላይ ገለባ ስስ አድርገህ፣ አፈሩ በመሃል እየታየህ። ከወፈረ ያ ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ስሩ ይራባና ቡቃያውን ይጨርስልሃል።

የጓሮ ገበሬ፦
ኧረ ተባረኩ። ዘሩ ስንት ኪሎ? አምና የዘራሁት ከሱቅ የገዛሁትን የሚፈጭ ስንዴ ነበር። ደሞ ጤፍስ በዚሁ መንገድ አይሆንም?

የአርሲው፦
2 ኪሎ ይዘህ ግባ። ግን የክረምት ስንዴ (ከብርዱ በፊት ተዘርቶ ብርዱን የሚያልፈው) መሆኑን እያረጋገጥክ። የፀደዩ (ብርዱ ካለፈ በኋላ የሚዘራው) ዝርያ ከሆነ ብርዱ ይጨርሰዋል፣ የክረምቱን ደግሞ በፀደይ ብትዘራው ብርድ ስላላገኘ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። እዛው አካባቢህ የሚዘራው ለስላሳው ቀይ ስንዴ ነው፣ ለቂጣና ለብስኩት ጥሩ ነው፣ ለዳቦ ግን ብዙ አይነሳም።

እትዬ ጓሮ፦
ጤፉን ተወው ልጄ፣ አንድ ዓመት ሞክሬዋለሁ። ውርጭ አይችልም፣ አፈሩ ሲሞቅ ሜይ መጨረሻ ነው የሚዘራው፣ ያኔ ደግሞ የዚህ አገር የበጋ አረም ይነሳል፣ ያቺ ደቃቅ ቡቃያ የትኛዋ ሳር የትኛዋ ጤፍ እንደሆነች ተንበርክኬ መለየት አቅቶኝ ነቅዬ ጨረስኳት። ጠቅጠቅ ያለ መሬት መውደዷ እንኳ ለአለማረስ ይመች ነበር፣ አገር ቤት በከብት ያስረግጡላት የለ።

ሃምቡርግ፦
አጨዳው ላይ ቸኩለህ እንዳትገባ፣ ፍሬውን ነክሰህ ቀጭ ሲል ነው የደረሰው። ነዶ አስረህ አድርቀው፣ የትራስ ልብስ ውስጥ ጨምረህ ውቃው፣ ማዝራቱን በፋን። አንድ ጆግ ግን አትጠብቅ፣ ነገሩ ከተሳካ 15 ኪሎ ብታገኝ አይገርመኝም።

የጓሮ ገበሬ፦
ሸራው ዛሬ ማታ ተነጥፏል። ሚስቴ በመስኮት አይታ "ክቡር ሚኒስትር አሁን ደግሞ ምን ሊቀብሩ ነው?" አለች። ኦክቶበር ላይ ስገልጠው ፎቶ እለጥፋለሁ።