ጥቆማ፦ ከአረፋ ብርሃን ለማውጣት ፒዞውን በምን ላሠራው?

አረፋ_አሳዳጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 100 ሚሊሊትር ውሃ በሚይዝ ክብ ፍላስክ ላይ፣ ግራና ቀኝ ሁለት የፒዞ ዲስክ (ኤሌክትሪክ ሲሰጡት የሚንቀጠቀጥ ሴራሚክ) በኢፖክሲ አጣብቄያለሁ። አንዲት አረፋ መሃል ላይ በድምፅ ሞገድ ይዤ ስታበራ ማየት ነው የምፈልገው። 25 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይበቃኛል። ፈንክሽን ጀነሬተሬ (በፈለግኩት ድግግሞሽ ሲግናል የሚያወጣው መሣሪያ) ብቻውን አልቻለም። የድምፅ አምፕሊፋየር ልግዛ ወይስ ከአልትራሳውንድ ማጽጃ የሚወጣውን፣ ፒዞ የሚነዳውን ቦርድ?

ሽቦ_በጣሽ፦ ቦርዱን እንዳትነካው! የእኔው በቀጥታ ከሶኬት ነበር የሚሠራው፤ ከመብራቱ የሚለየው ትራንስፎርመር የለውም። ፍላስኩን ላስተካክል ብዬ እጄን ስሰድ ያዘኝ። ፍላስኩ ተሰበረ፣ ውሃው ቦርዱ ላይ ፈሰሰ፣ አለቀ። ሻጩን ብጠይቀው «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብሎ ዘጋኝ።

ጠመዝማዛ፦ ለእኔም 40 ኪሎኸርዝ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ትራንስዲዩሰር (ድምፅ የሚያወጣው የፒዞ ክፍል) ሲለካ 28 ሆነ።

ሽቦ_በጣሽ፦ ደረሰኝ አለህ? አብረን እንክሰሰው።

ጭጋጉ፦ እኔ የአየር ማርጠቢያ ዲስክ ውሃ ውስጥ ከትቼ የሚያምር ጭጋግ ወጣልኝ። በ24 ቮልት ይሠራል፣ አያስቸግርም።

አረፋ_አሳዳጅ፦ ጭጋግ አይደለም የፈለግኩት። እሱ በሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው።

የታሪክ_ሰው፦ ድምፅ ውሃ ውስጥ ከሚፈጥራቸው አረፋዎች የሚወጣውን ብርሃን መጀመሪያ ያዩት ተመራማሪዎቹ ፍሬንዝልና ሹልተስ ናቸው፤ ኮሎኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1934።

ሽቦ_በጣሽ፦ እነሱስ ገንዘባቸው ተመለሰላቸው?

የድሮው_ይሻላል፦ አትድከሙ። የእኔን አሮጌ አምፕሊፋየር የሚያክል የለም። ከሱ ሌላ አልገዛም።

ጠመዝማዛ፦ በ25 ኪሎኸርዝ ለክተኸዋል?

የድሮው_ይሻላል፦ መለካት ምን ያደርጋል? ጥራቱን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ጠመዝማዛ፦ 25 ኪሎኸርዝ በጆሮ? ጌታው፣ የሌሊት ወፍ ነህ እንዴ?

ኮይል_ወዳጅ፦ እሱን ተዉትና ጠያቂውን እንርዳው። ወንድሜ፣ አምፕሊፋየር ይሻልሃል። ማጽጃ ቦርድ ድግግሞሹ የተወሰነ ነው፤ አንተ ደግሞ ፍላስኩ የሚወደውን ድግግሞሽ በጥቂት ኸርዝ እየነካካህ ማግኘት አለብህ። ግን አምፕሊፋየር የተሠራው ለ4 ወይም ለ8 ኦም ስፒከር ነው፤ ፒዞ ደግሞ እንደ ካፓሲተር ነው የሚታየው። ስለዚህ ከፒዞው ጋር በድግግሞሽ እንዲገጥም በመሃል ኮይል (ጥቅል ሽቦ) በተከታታይ አስገባ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ላይ 4 ናኖፋራድ ቢሆኑ ወደ 10 ሚሊሄንሪ ያስፈልግሃል። ኮይሉና ፒዞው ሲገጥሙ ፒዞው ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊወጣ ይችላል፤ ሽቦዎቹን በደንብ ሸፍን፣ መብራት ሳታጠፋ አትንካ። አምፕሊፋየሩ ክላስ ዲ (በፍጥነት እየበራና እየጠፋ የሚሠራው ዓይነት) ከሆነ ተጠንቀቅ፤ መውጫው ላይ ያለው ማጣሪያ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ሊያዳክምብህ ይችላል። ፍላስኩ ታች ትንሽ ፒዞ እንደ ማይክ ለጥፈህ በኦሲሎስኮፕ (ሲግናሉን በስክሪን በሚያሳይ መሣሪያ) ተከታተል። ውሃውንም አየሩ እንዲወጣ አፍልተህ አቀዝቅዘው። ብዙ ሰው አምፕሊፋየሩን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የውሃው ነው።

አረፋ_አሳዳጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ኮይሉን ፌራይት ኮር (ማግኔታዊ ሴራሚክ) ላይ ራሴ ልጠምጥመው?

ኮይል_ወዳጅ፦ ጠምጥመው። ከጋለብህ ግን ኮሩ አንሷል ማለት ነው።

ሽቦ_በጣሽ፦ ሰዎች፣ ሻጩ አሁን መለሰልኝ! «ፍላስኩንም እኔ ነኝ የሰበርኩት?» ይለኛል።