ስቲሙሌሽን (ጡንቻን በኮረንት ማሠራት) ላይ ጡንቻው ሳይኮማተር ቆዳው የሚያቃጥለው ለምንድን ነው?

ፊዚዮ_አዳማ፦
ሰላም ባልደረቦች። የኤሲኤል (ጉልበት ውስጥ ያለ ጅማት) ቀዶ ጥገና ተደርጎለት አምስተኛ ሳምንቱን የያዘ ታካሚ አለኝ፤ የፊት ጭኑ ጡንቻ መንምኗል። 50 ሄርዝ (በሰከንድ 50 ምት)፣ የምት ስፋት 200 ማይክሮ ሰከንድ፣ 10 ሰከንድ ሥራ፣ 10 ሰከንድ ዕረፍት አድርጌ ስቲሙሌሽን እሰጠዋለሁ። ፓዱ (ኮረንቱን ወደ ቆዳ የሚያስገባው ኤሌክትሮድ) 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ተለጣፊ ነው። 30 ሚሊ አምፔር አካባቢ ስደርስ «እንደ መርፌ ይወጋኛል» ይላል፤ ጡንቻው ግን እምብዛም አይኮማተርም። ፓዱ ሲነሳ ጠርዙ የነበረበት ቦታ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀላል። ችግሩ ማሽኑ ነው ወይስ እኔ? አጥንቱ ውስጥ ብሎን መኖሩም ያሳስበኛል።

ኤሌክትሮ_ሐዋሳ፦
ማሽኑን ከመጠርጠርህ በፊት ፓዱን ገልብጠህ እየው። ነጠብጣብ መቅላት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከደረቀ ወይም አቧራ ከያዘ ጄል ነው። እንደ አዳማ ባለ ሞቃትና አቧራማ ከተማ ፓድ ቶሎ ያረጃል። ጠርዙ ሲነሳ ቆዳውን የሚነካው ትንሽ ቦታ ብቻ ይሆናል። ማሽንህ የተሞላለትን ሚሊ አምፔር ሳይቀንስ የሚልክ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኮረንቱ በሙሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ያልፋል፤ የሚወጋው እሱ ነው።

መጠኑም ለጭን ያንሳል። 5 በ5 ማለት 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 40 ሚሊ አምፔር ብትልክ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1.6 ይደርሳል። 7 በ12 የሆነ ፓድ ላይ ያው 40 ወደ 0.5 ይወርዳል። አንዱን ከጉልበት በላይ በውስጥ በኩል ባለው የጡንቻ ጉብታ ላይ፣ ሌላውን ከጭኑ ላይኛው ክፍል ወደ ውጭ አዘንብለህ ለጥፍ። ከተቀራረቡ ኮረንቱ ከቆዳ ሥር ብቻ ያልፍና ጡንቻው ሳይነካ ይቀራል።

ቆዳውንም አዘጋጅ። ታካሚው ቫዝሊን ወይም ቅባት ተቀብቶ ከመጣ ኮረንት በደንብ አያልፍም። በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥበህ አድርቅ። ፀጉሩን በመቀስ አሳጥረው እንጂ በምላጭ አትላጭ፤ ምላጭ የሚተወው ጭረት ኮረንቱን ወደ ራሱ ይስባል።

ጡንቻ_ፊዚዮ፦
በፓዱ እስማማለሁ፤ የማሽኑ አሞላል ግን ሊታለፍ አይገባም። 200 ማይክሮ ሰከንድ ለፊት ጭን ጠባብ ነው። ወደ 300 ወይም 400 ስታሰፋው የጡንቻው ነርቭ በአነስተኛ ሚሊ አምፔር ይነሳል። ዕረፍቱም አጭር ነው፤ 10 ሰከንድ ሠርቶ 10 የሚያርፍ ጡንቻ ከጥቂት ኩምትሪያ በኋላ ይደክማል። 10 ሰከንድ ሥራ፣ 50 ሰከንድ ዕረፍት አድርግና 10 ጠንካራ ኩምትሪያ አሠራው። መወጣጫውን (ኮረንቱ ከዜሮ ወደ ሙሉ መጠኑ የሚወጣበትን ጊዜ) 2 ሰከንድ ስጠው፣ ግን መመሪያውን አንብብ፤ አንዳንድ ማሽን መወጣጫውን ከ10ሩ ሰከንድ ላይ ይቀንሳል።

ወንበር ላይ አስቀምጠህ ጉልበቱን ከ60 እስከ 90 ዲግሪ አጥፈህ እግሩን ከቁርጭምጭሚት በላይ በማሰሪያ ያዝ፤ በዚህ ማዕዘን አዲሱ ጅማት ላይ የሚያርፈው ጫና አነስተኛ ነው። ኮረንቱ ሲመጣ ራሱም አብሮ ይግፋ። የምትፈልገው ንዝረት ሳይሆን ዓይንህ የሚያየው፣ እጅህ የሚዳስሰው ሙሉ ኩምትሪያ ነው። በየጥቂት ኩምትሪያው፣ እሱ እሺ እስካለ፣ መጠኑን ጨምር።

ፊዚዮ_አዳማ፦
አመሰግናለሁ። ትልልቅ ፓድ ባላገኝስ? ብሎኑንም አልነገራችሁኝም።

ኤሌክትሮ_ሐዋሳ፦
የካርቦን ላስቲክ ኤሌክትሮድ ካለህ በእርጥብ ስፖንጅ ጠቅልለህ በማሰሪያ እኩል አጥብቀው። የቧንቧ ውሃ ይበቃል፤ የተጣራ የባትሪ ውሃ ግን ማዕድን ስለሌለው ኮረንት በደንብ አያሳልፍም። ስፖንጁ ሳይደርቅ መሀል ላይ አርጥበው፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ ኮረንቱን ወደ ዜሮ አውርድ።

ስለ ብሎኑ፣ ማሽንህ ሁለት አቅጣጫ ያለው ሚዛናዊ ምት የሚልክ ከሆነ ብሎን አይከለክልም። ብረት ላይ የሚከለከለው ሾርትዌቭ (በሬዲዮ ሞገድ የሚያሞቅ ሕክምና) ነው፤ ብረቱ ዙሪያ ሙቀት ያከማቻል። ከብሎኑ ይልቅ ቆዳው መስማቱን ፈትሽ፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ጠባሳው አካባቢ የሚደነዝዝ ቦታ አይጠፋም። ሹልና ዱልዱም ነገር እያፈራረቅህ ንካው፤ ካልለየ እዚያ አትለጥፍ። ፔስሜከር (የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ) ያለው ሰው ላይ አትጀምር። ባቱ ካበጠና ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ስቲሙሌሽኑን ትተህ በዕለቱ ወደ ሐኪም ላከው።

ጡንቻ_ፊዚዮ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ፓዱ ሲነሳ ቦታው ሙሉ በሙሉ እኩል ቀልቶ ቶሎ ከጠፋ ጤናማ ነው። ነጠብጣቡ በማግስቱም ካለ ወይም ውሃ ከቋጠረ፣ ቆዳው እስኪድን ፓዱን ሌላ ቦታ አድርገው።