የፍሬን መብራት አልበራ አለኝ፣ አምፖል ቀይሬም ያው ነው (ቪትዝ)

የኮዬዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ሞዴል 2002 ቪትዝ አውቶማቲክ ነው የምነዳው። ትናንት ጠዋት ልጆቼን ይዤ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጋ ፍሬን ስይዝ ከኋላዬ የነበረ ገልባጭ ክላክሱን እያምባረቀ ጎኔን ታክኮ ቆመ፣ ሊሰድበኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ እህቴ ፍሬን ስትረግጪ እኮ ከኋላ ምንም አይበራም አለኝ። እስካሁን ድንጋጤው አለቀቀኝም። ማታ ጎረቤቴ እንዲረግጥልኝ አድርጌ ሳየው እውነትም ታች ያሉት ሁለቱም የሉም። የማታ መብራት ግን በሁለቱም በኩል ስለሚበራ አምፖሉ ደህና ነው ብዬ ነበር፣ ለማንኛውም ብዬ የግራውን አዲስ ገዝቼ ቀየርኩት፣ ወይ ፍንክች። አንድ ኤሌክትሪሺያን በስልክ ሳማክረው ሙሉ ሽቦው መፈታት አለበት አለኝ፣ የጠራውን ዋጋ ስሰማ ዝም አልኩ። እቤቴ ሆኜ ራሴ ላየው የምችለው ነገር ይኖራል? ቴስተር የለኝም፣ ካቻቢቴና ፒንሳ አለኝ።

ባለ ቴስተሩ፦
እህቴ እንኳን አተረፈሽ። ሽቦ ለማንም አታስፈቺ ገና ነው። መጀመሪያ የኋላው መስታወት ጋ ያለው ሦስተኛው የፍሬን መብራት ይበራል ወይ የሚለውን እይልኝ። እሱ ከበራ ፊውዙም ፔዳሉ አናት ላይ ያለው ስዊችም ደህና ናቸው፣ ሦስቱም መብራቶች በአንድ ፊውዝና በአንድ ስዊች አልፎ በሚመጣ መስመር ነው የሚሰሩት። ደግሞም አውቶማቲክ ስለሆነ ስዊቹ ቢሞት ኖሮ ማርሹ ከፒ (ከፓርኪንግ) አልወጣ ብሎ ያስቸግርሽ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሸወደው አንቺም ያልሽው ነገር ላይ ነው። የማታው በራ ማለት አምፖሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። አንዱ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ፣ 5 ዋቱ ለማታ 21 ዋቱ ለፍሬን፣ ትልቁ ተቃጥሎ ትንሹ ብቻውን ረጅም ጊዜ ሊሰራ ይችላል። ስለዚህ የቀኙን አውጪና ወደ ብርሃን ይዘሽ ክሩ መበጠሱን እይ፣ ስትገዢም አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ ባለ ሁለት ክር እንዲሰጡሽ።

የግራው ግን አዲስ ሆኖም እምቢ ካለ እኔ የምጠረጥረው ማሳ ነው፣ ኔጋቲቩ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ማለቴ ነው። ሁለት ነገር እይልኝ፣ ፍሬን ሲረገጥ የግራው ፍሬቻ ጭል ጭል ይላል? የማታ መብራት ስታበሪስ ግራው ከቀኙ ይደክማል? የሚረግጥልሽ ሰው ካጣሽ ሲመሽ መኪናዋን በኋላዋ ወደ ግድግዳ አስጠግተሽ በስፖኪዮ ነጸብራቁን ማየት ይቻላል።

የሰበታ መንገድ፦
የኔ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነበር፣ ሳልረግጠውም ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ያድራል ጠዋት ባትሪው ሞቶ ይጠብቀኛል፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሰው ባትሪ ኬብል እየቀጠልኩ ነው ያስነሳሁት። ባትሪ ልቀይር ስል ነው ምንጣፉ ላይ የተፈረፈረ ፕላስቲክ ያየሁት። ለካ ፔዳሉ ላይ ስዊቹን የሚጫን ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ አለች፣ አርጅታ ስትሰባበር የስዊቹ ጫፍ በባዶው ቀዳዳ ያልፍና ፔዳሉ እንደተረገጠ ይቆጥረዋል። ለጊዜው ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ብሎን ከዳዶ ጋር አስሬ ነዳሁ በኋላ ነው ፕላስቲኩን ያገኘሁት። የሷ ጉዳይ እንኳን ይሄ አይመስለኝም፣ ግን ባትሪ በየጠዋቱ የሚሞትበት ሰው ካለ ማታ ወጥቶ የመኪናውን ኋላ ይይ።

አባ ወራው፦
ፊውዝ ስለተነሳ አንድ ነገር ልበል። የተቃጠለ ፊውዝ ካገኛችሁ በዛው አምፔር ብቻ ቀይሩ፣ ቀዩ 10 ነው ሰማያዊው 15። እባካችሁ የሽቦ ክር ጠቅልላችሁ አትክተቱ፣ የኔ ላይ አንድ ሰው እንደዛ አድርጎልኝ መስመሩ ሾርት ሲያደርግ የሚቆርጠው ነገር ስለሌለ ሽቦው ምንጣፉ ስር ቀልጦ ተገኘ። ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ነበር።

የኮዬዋ እናት፦
ባለ ቴስተሩ እግዜር ይስጥልኝ ያልከው በሙሉ ልክ ነው!! ሦስተኛው ደህና ይበራል። የቀኙን አውጥቼ ሳየው አንዱ ክር ተበጥሷል መስታወቱም ጠቁሯል፣ ቀየርኩት በራ። ግራው ደግሞ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ጭል ይላል፣ ሌላው ያስገረመኝ የማታ መብራት ሳበራ ሳልረግጥ ሦስተኛው ፈዘዝ ብሎ ይበራል። አሁን ምን ላድርግ?

ባለ ቴስተሩ፦
በቃ ማሳ ነው። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በፍሬቻውና በሦስተኛው መብራት በኩል ዞሮ መሬት ይፈልጋል፣ የሚያጭለጨልጨው እሱ ነው። አንድ ክንድ ሽቦ ውሰጂና ሁለቱንም ጫፍ ላጪው፣ አንዱን ጫፍ ከመብራቱ ሶኬት ኋላ ባለው የማሳ ሽቦ ላይ (ቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት ነው) ሌላውን ቀለም የሌለበት ብሎን ላይ ያዢና ፍሬን ይረገጥ። ቦግ ካለ አገኘሽው። ከዛ ያንን ሽቦ ተከትለሽ ቦዲው ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈልጊ፣ ፍቺውና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍገሽ አጥብቀሽ እሰሪው።

የኮዬዋ እናት፦
ቦግ አለ!! ብሎኑ ጎን ላይ ምንጣፉ ስር ነበር፣ ዝጎ አረንጓዴ ዱቄት ይዟል ዙሪያውም እርጥብ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈገፈግኩት አሁን ሦስቱም ይበራሉ፣ ጎረቤቴን አሥር ጊዜ አስረገጥኩት። ግን እርጥበቱ ከየት መጣ?

ባለ ቴስተሩ፦
ከመብራቱ ጎማ ነው፣ ሲያረጅ ይደርቅና ዝናብ ያስገባል። አንድ ሰው ከውጭ ውሃ ያፍስስልሽ አንቺ ከውስጥ በስልክ መብራት እይ፣ የሚገባበትን ታገኚዋለሽ። መብራቱን አውልቀሽ ጎማውን ቀይሪው፣ ካጣሽ ዙሪያውን አድርቀሽ ሲሊኮን ቀቢና ሌሊቱን ይደር። ብሎኑ ላይ ትንሽ ግሪስ አድርጊበት። ከሰኔ በፊት ግን ጨርሺው።

የኮዬዋ እናት፦
እሺ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ነው የምሰራው ጎማውን ነገ እጠይቃለሁ። እስከዛ ብሎኑ ጋ ያለውን ምንጣፍ ገልጬ አደርቀዋለሁ።