ህንድ በራንቺው ማጣሪያ ቀርታ ደቡብ አፍሪካ ፓሪስ የደረሰችው በምን አግባብ ነው?

ጥያቄ (የሁለት ሴቶች ልጆች አባት፣ ዩትሬክት)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሆላንድ ነው፤ እዚህ የሜዳ ሆኪ የልጃገረዶች ዋነኛ ስፖርት ስለሆነ ትልቋ ልጄም ሦስት ዓመት ሙሉ በሰፈራችን ክለብ ስትጫወት ቆይታለች። እኔ ከዱላና ከኳስ ጋር የምተዋወቀው በልጅነቴ በገና ሰሞን እሩር ስንመታ ከነበረው ጨዋታ ብቻ በመሆኑ፣ ልጄ የምትጠይቀኝን ብዙውን ጊዜ መመለስ አልችልም።

ከሰሞኑ የ2024ቱን የፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ማጣሪያ አብረን ስንመለከት ሁለት ነገር ግራ አጋባን። የመጀመሪያው፣ በዓለም ደረጃ 6ኛ የነበረችውና ከዚያ በፊት በቶኪዮ 4ኛ ሆና የጨረሰችው ህንድ በገዛ ሜዳዋ ራንቺ ላይ ተጫውታ ስትቀር፣ በደረጃ ከእርሷ እጅግ ዝቅ የምትለው ደቡብ አፍሪካ ፓሪስ መግባቷ ነው። ሁለተኛው፣ በራንቺ የፍጻሜው ጨዋታ ሲካሄድ ተጫዋቾቹ የተረጋጉ ሲሆን፣ ለሦስተኛነት የተደረገው ጨዋታ ሲያበቃ ግን ያለቀሱትም የዘለሉትም እዚያ ነበሩ። እኛ አገር የደረጃ ጨዋታ ማለት ሁለቱም ቡድኖች ሐሳባቸው ወደ ቤት ከሄደ በኋላ የሚጫወቱት ነው። ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳን፣ ለልጄም በሚገባት መንገድ እነግራት ነበር።

መልስ (በስፖርት ጋዜጠኝነት የሠራ፣ አዲስ አበባ)

ውድ ጠያቂ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ መልሳቸው አንድ ቦታ ላይ ስለሚገናኝ ከሁለተኛው ልጀምር።

ወደ ፓሪስ የሚሄዱት ቡድኖች 12 ነበሩ። አንዱን ቦታ አስተናጋጇ ፈረንሳይ ወሰደች፤ አምስቱ ለአምስቱ አህጉራት አሸናፊዎች ተሰጡ፤ የቀሩት ስድስቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በህንዷ ራንቺና በስፔኗ ቫሌንሲያ ለተደረጉት ሁለት የማጣሪያ ውድድሮች ተከፈሉ። በእያንዳንዱ ውድድር ስምንት ቡድኖች በሁለት ምድብ ተጫውተው፣ ከየምድቡ ሁለት ሁለቱ ወደ ግማሽ ፍጻሜ ያልፋሉ፤ በመጨረሻም ሦስቱ ትኬት ያገኛሉ። እንግዲህ ቦታው ሦስት ከሆነ፣ በግማሽ ፍጻሜ ያሸነፉት ሁለቱ ቡድኖች የፍጻሜው ጨዋታ ገና ሳይጀመር ፓሪስ ገብተዋል ማለት ነው። በፍጻሜው ማን እንደሚያሸንፍ ለክብር እንጂ ለትኬቱ ለውጥ አያመጣም። ሦስተኛው ትኬት የሚገኘው ግን በደረጃ ጨዋታው ስለሆነ፣ የውድድሩ ከባዱ ጨዋታ እርሱ ይሆናል። ልጅዎ ያየችው ለቅሶ ከዚህ የመጣ ነው።

የህንድን መንገድ በቅደም ተከተል ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በመክፈቻው ቀን በአሜሪካ 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ ከዚያ ኒውዚላንድን 3 ለ 1፣ ጣሊያንን 5 ለ 1 ረትታ ከምድቧ አለፈች። በግማሽ ፍጻሜው ከጀርመን ጋር የተጫወተችውን ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ጀርመኖች በ57ኛው ደቂቃ 2 ለ 1 መሩ፤ ጨዋታው ሊያበቃ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ህንድ አቻ አደረገች፤ ቀጥሎ በመጣው የመለያ ምት ግን ጀርመን 4 ለ 3 አሸነፈች። የሆኪ የመለያ ምት እንደ እግር ኳሱ ቆሞ መምታት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ ተጫዋቿ ከ23 ሜትሩ መስመር ተነስታ በ8 ሴኮንድ ውስጥ ግብ ጠባቂዋን አልፋ ማስቆጠር አለባት። በማግስቱ፣ ጥር 19፣ ህንድ ከጃፓን ጋር ለሦስተኛነት ተጋጠመች። ጃፓን በስድስተኛው ደቂቃ በፔናልቲ ኮርነር (ተከላካዮች በግብ ክልላቸው ጥፋት ሲሠሩ ለአጥቂዎቹ የሚሰጥ፣ ከግቡ መስመር የሚጀመር ምት) አስቆጠረች፤ ህንዶች የቀረውን ጊዜ በሙሉ ሲያጠቁ፣ ፔናልቲ ኮርነርም በተደጋጋሚ ሲያገኙ አምሽተው አንዱንም ሳያስቆጥሩ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ከራንቺ ጀርመን፣ አሜሪካና ጃፓን አለፉ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የህንድ ዕድል በእውነቱ የጠበበው ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ በቻይናዋ ሃንግዡ መሆኑ ነው። የእስያን ቀጥታ ትኬት የሚያገኘው የእስያ ጨዋታዎች አሸናፊ ነበር፤ ህንድ በግማሽ ፍጻሜው በቻይና 4 ለ 0 ተረታች፤ ቻይና በፍጻሜው ደቡብ ኮሪያን 2 ለ 0 አሸንፋ አለፈች። ህንድ በዚያው ውድድር ነሐሱን የወሰደችው ጃፓንን 2 ለ 1 አሸንፋ ነበር። በጥቅምት ህንድ ያሸነፈቻት ጃፓን በጥር ፓሪስን ነሳቻት፤ የጥቅምቱ ድል ነሐስ ሲያስገኝ የጥር ወሩ ሽንፈት ኦሊምፒክ አሳጣ።

መልስ (ሚኒሶታ የሚኖር የሆኪ ዳኛ)

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የውድድሩ ቅርጽ ራሱ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለውን መመልከት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለቶኪዮ የነበረው ማጣሪያ ፈጽሞ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መጸው ሁለት ሁለት አገሮች ተጣምረው፣ በአንዱ አገር ሜዳ ላይ በሁለት ተከታታይ ቀናት ሁለት ጊዜ ይጫወቱና በድምር ያሸነፈው ያልፍ ነበር። ያን ጊዜም ህንድና አሜሪካ ነበሩ የተጣመሩት። በህንዷ ቡባነሽዋር ላይ ህንድ በመጀመሪያው ቀን 5 ለ 1 አሸነፈች፤ ሁሉም አለቀ አለ። በሁለተኛው ቀን አሜሪካውያን ዕረፍት ሳይወጡ 4 ለ 0 መርተው ድምሩን 5 ለ 5 አደረሱት፤ በአራተኛው ሩብ ካፒቴኗ ራኒ ራምፓል ባስቆጠረቻት አንዲት ግብ ህንድ 6 ለ 5 አለፈች። በዚያው ሰሞን ደብሊን ላይ አየርላንድና ካናዳ ሁለት ቀን ሙሉ ግብ ሳያስቆጥሩ ተለያይተው፣ አየርላንድ በመለያ ምት ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ገባች።

እኔ የ2019ኙን የሁለት ጨዋታ ቅርጽ እመርጣለሁ። አንድ ቡድን በአንድ ቀን ቢሰናከል በማግስቱ ራሱን የሚያርምበት ዕድል ያገኛል፤ በራንቺው ዓይነት ግን በግማሽ ፍጻሜ መለያ ምት የደከመ አካልና የተሰበረ ልብ ይዞ በማግስቱ ለሕይወት መጫወት አለ። በአንጻሩ፣ በ2019 አስተናጋጇን አገር የሚወስነው የተሻለ ደረጃ ስለነበር፣ እንግዳው ቡድን ሁለቱንም ቀን በሰው ሜዳ መጫወት ነበረበት፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት መሆኑን አልክድም።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደረጃ ጨዋታውን ለልጄ አስረዳኋት፤ በሚገባ ገባት። የደቡብ አፍሪካን ነገር ግን ገና አልተቀበለችውም። «ህንድ ብትጋጠማት አታሸንፋትም ወይ?» ትለኛለች። እኔም አፍሪካዊ እንደመሆኔ የምመልሰው ከአድልዎ የመጣ እንዳይመስላት ዝም አልኩ።

መልስ (የስፖርት ሳይንስ መምህርት፣ ባሕር ዳር)

ዝም አይበሉ፤ ይንገሯት። ደቡብ አፍሪካ ያለፈችው እ.ኤ.አ. በ2023 በፕሪቶሪያ የተደረገውን የአፍሪካ ማጣሪያ አሸንፋ ነው፤ ኔዘርላንድስ በአውሮፓ ዋንጫ፣ አርጀንቲና በሳንቲያጎው የፓን አሜሪካ ጨዋታዎች እንዳለፉት ሁሉ። በደረጃ ብቻ ቢመረጥ ኖሮ ለአፍሪካ ቦታ አይተርፍም ነበር፤ አህጉሩ ግን በአራት ዓመት አንዴ እንኳ ከጠንካሮቹ ጋር ካልተጋጠመ በምን ይጠነክራል? ሰው ሠራሽ ሜዳ ውድ ነው፤ መንግሥትና ስፖንሰር ገንዘብ የሚያወጡትም ኦሊምፒክ የሚባል ግብ ሲኖር ነው።

ይህን ቦታ ደቡብ አፍሪካውያን ራሳቸው በቀላሉ እንዳላገኙት ልጅዎ ብታውቅ ደስ ይለኛል። ሴቶቹ ከ2000 እስከ 2012 በአራቱም ኦሊምፒኮች ተሳትፈዋል። ለሪዮ 2016 ግን የአፍሪካን ማጣሪያ አሸንፈው እያለ የአገሪቱ ኦሊምፒክ ኮሚቴ «የአህጉር ትኬት በቂ የብቃት ማረጋገጫ አይደለም» በሚል መመዘኛ እንዳይሄዱ ወሰነ። በሜዳ ላይ ያገኙትን ቦታ በቢሮ ውስጥ ተነጠቁ፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፈቀደላቸውን የገዛ አገራቸው ከለከላቸው። ለቶኪዮ ያ አቋም ተለወጠና ተመለሱ። አንዲት ተጫዋች የምትበረታበት ዕድሜ ስምንት ወይም አሥር ዓመት ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ኦሊምፒክ መንሳት ማካካሻ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው በሞስኮ 1980 ነበር፤ የእኛው ምሩጽ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ባጠለቀበት በዚያው ኦሊምፒክ ማለት ነው። በርካታ አገሮች አንሳተፍም ሲሉ፣ ነጻነቷን ካገኘች ጥቂት ወራት ብቻ የሆናት ዚምባብዌ በመጨረሻው ሰዓት ተጋበዘች። ስድስት ቡድኖች እርስ በርስ ሲጋጠሙ ዚምባብዌ ሦስቱን አሸንፋ በሁለቱ አቻ ወጥታ፣ አንድም ጊዜ ሳትሸነፍ ወርቁን ወሰደች። ቼኮዝሎቫኪያ ሁለተኛ፣ ሶቪየት ኅብረት ሦስተኛ ሆኑ። አራተኛዋ ህንድ ነበረች። ልጅዎ «ህንድ ብትጋጠማት» ስትል ይህን ይንገሯት፤ በጥሪ የሄደች አፍሪካዊት አገር በሜዳው ላይ ያደረገችው ይህንን ነው።

ጠያቂው

ዛሬ ማታ ከልምምድ ስትመለስ እነግራታለሁ። የዚምባብዌን እኔም አላውቅም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ።