ለካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ ሳመለክት የራሴን ሐዘን በጽሑፉ ላይ ላንሳው ወይስ ልተወው?

የሆጤዋ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጋይዳንስና ካውንስሊንግ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በሳይኮሎጂ የያዝሁት በ2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዘንድሮ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ለማመልከት ወስኛለሁ። ውጤቴ የሚያሳፍር አይደለም። ያስጨነቀኝ ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘው፣ ይህን ሙያ ለምን እንደመረጥሁ የምገልጽበት የሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

እውነተኛው ምክንያቴ ሐዘን ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በከተማችን ትምህርት ቤቶች ተጠልለው በነበሩበት ጊዜ ስም በመመዝገብና ፍራሽ በማደል እረዳ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ደግሞ ታላቅ ወንድሜን አጣሁ። ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት ከለቅሶ ቤት በቀጥታ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ፤ ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት ልጆችም አባት፣ እናት ወይም ቤት ያጡ ነበሩ።

ቢሮዬ በዩኒት ሊደሩ ክፍል ውስጥ በሁለት መደርደሪያ የተከለለች ጥግ ናት። አንዲት ተማሪ ራሴን ያመኛል እያለች በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ትመጣ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ንግግሯን ታቋርጥና የገባው ሰው እስኪወጣ ድረስ የሹራቧን እጅጌ ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ትጠብቃለች። አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው ጽድ ሥር ይዣት ሄድሁና ተቀመጥን፤ ስለ አባቷ ማውራት ጀመረች። ጥቂት ሳትናገር እንባዋ ሲመጣ አየሁና «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል፣ አንቺ ብቻ በርትተሽ ተማሪ» አልኋት። ዐይኗን ጠረገች፣ አመሰገነችኝ፣ ተነስታ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ወደ እኔ አልመጣችም። አፏን የዘጋሁት እኔ መሆኔ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እንግዲህ የወንድሜን ነገር ብጽፍ የሚያዝኑልኝ እንጂ የሚቀበሉኝ አይመስለኝም፤ ባልጽፍ ደግሞ የዋሸሁ ይመስለኛል። የተማሪዋንስ ታሪክ መጻፍ ተገቢ ነው? የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ የምጠይቀውስ የማያስታውሰኝን የድሮ መምህሬን ነው ወይስ ርእሰ መምህሩን? በመጨረሻም ካውንስሊንግ ከክሊኒካል ሳይኮሎጂ ይሻለኛል ወይ የሚለውን የምታውቁ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ከቧንቧ ውሃ

እህቴ፣ የጽሑፉን ነገር የተሻለ የሚያውቁ ይመልሱልሻል። እኔ ባለፈው ዓመት ያለፍሁበትን የወረቀት ሥራ ብቻ ልንገርሽ። ከሁሉ አስቀድመሽ የወጪ መጋራት ክፍያሽ የት እንደደረሰ አረጋግጪ፤ ዕዳው ካላለቀ ዋናውን ዲግሪ ማግኘት አይቻልም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ደግሞ ከተማርሽበት ተቋም ሬጅስትራር በቀጥታ ወደምታመለክቺበት ዩኒቨርሲቲ የሚላክ እንጂ አንቺ ይዘሽው የምትሄጂ ወረቀት አይደለም። እኔ በተማርሁበት ተቋም «ነገ ተመለስ» እየተባልሁ ሰባት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ ጽሑፉን እስክትጨርሺ አትጠብቂ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ከዚያ በፊት ስለተመረቅሽ አይመለከትሽም። በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠው ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ግን ይመለከትሻል፤ እሱን ካላለፍሽ ጽሑፍሽን የሚያነብ ሰው የለም። የእንግሊዝኛ ንባብና የሒሳብ ልምምድሽን ከዛሬ ጀምሪ። መሥሪያ ቤትሽ ስፖንሰር የሚያደርግሽ ከሆነም ደብዳቤውን አሁኑኑ ጠይቂ፤ የክረምት ፈቃድ ሲጀመር ፈራሚ አይገኝም።

መምህር ነበርሁ (ፒያሳ)

ልጄ፣ በመጀመሪያ ለወንድምሽ ነፍስ ይማር፤ አንቺንም ፈጣሪ ያጽናሽ። ለብዙ ዓመታት ሳይኮሎጂ አስተምሬአለሁ፤ የአመልካቾችን ጽሑፍ ከሚያነቡትና ቃለ መጠይቅ ከሚያደርጉትም መካከል ነበርሁ። ስለዚህ ጽሑፉን ከሚያነበው ሰው ወገን ሆኜ ልመልስልሽ።

የወንድምሽን ሞት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው፤ አትደብቂው፣ አታርዝሚውም። ሐዘን ሲነበብ ያሳዝናል እንጂ አይመዘንም፤ በዚያ ወቅት ከወሎ የተነሣ አመልካች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚናገረው ሐዘን አለው። እኛ እንፈልግ የነበረው ችሎታው የት ላይ እንደቆመበት ለይቶ ያየና ያንን ለመማር የመጣ ሰው ነበር። አንቺ ይህን ከፍለጋ በፊት አግኝተሽዋል፤ «አይዞሽ» ብለሽ ልጅቷን ዝም ያሰኘሽበት ደቂቃ ነው። ያን ደቂቃ በሚገባ ብትጽፊው የቀረው ጽሑፍ በእሱ ዙሪያ ይቆማል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ የሙያው እምብርት ነውና። በቋንቋችን «ምክር» ስንል ታላቅ ለታናሽ፣ ያወቀ ላላወቀ የሚሰጠው፣ የሚደረገውንና የማይደረገውን የሚለይ ቃል ማለታችን ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረታችን ራሱ መካሪው ተናጋሪ፣ ተመካሪው አድማጭ ነው ከሚል ሐሳብ ይነሣል። ካውንስሊንግን «የምክር አገልግሎት» ብለን ስንተረጉመው ይህ ሁሉ አብሮ ይመጣል፤ ወላጅ ልጁን ይዞ መጥቶ «ምከሩልኝ» ይላል፣ ልጁም ሊሰማ እንጂ ሊናገር እንዳልመጣ አስቀድሞ ያውቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ሰው እንዲለወጥ የሚያስፈልጉትን ሁኔታዎች ሲዘረዝር ከአማካሪው የጠየቀው ሦስት ነገር ነበር፤ የሌላውን ስሜት ከሌላው ወገን ሆኖ መረዳት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ከራስ ጋር እውነተኛ መሆን። በዝርዝሩ ውስጥ ምክር መስጠት የለም። «አይዞሽ» ደግ ቃል ነው፤ ለቅሶ ቤት ያለ እሱ አይሆንም። በምክክር ክፍል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጽናናው የተናጋሪውን ጭንቀት ነው። ያን ዕለት የልጅቷን እንባ መቋቋም ያቃተሽ የራስሽ እንባ ቅርብ ስለነበረ ሊሆን ይችላል፤ የወንድምሽ ዓረፍተ ነገር መግባት ያለበትም እዚያ ቦታ ላይ ነው።

የተማሪዋን ነገር በጥንቃቄ ያዢው። ስም መቀየር አይበቃም። ደሴ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገብሽ የምትቀመጠው ሴት የልጅቷ አክስት ልትሆን ትችላለች፤ ጽሑፍሽን የሚያነበው መምህርም የዚሁ አገር ልጅ ሊሆን ይችላል። ክፍሏን፣ ሕመሟንና ዓመቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ማን እንደሆነች ያውቃል። አሁን ለአካለ መጠን ደርሳ ከሆነ ፈልገሽ አስፈቅጃት፤ ካላገኘሻት ዝርዝሩን ለውጪው። እዚህ ላይ የጻፍሽውንም ቢሆን አስተካክዪው። ምስጢር መጠበቅ የምትማሪው ከተመዘገብሽ በኋላ እንዳይመስልሽ፤ አንባቢው ከማመልከቻሽ ጀምሮ ይመለከተዋል።

የድጋፍ ደብዳቤውን በሚመለከት፣ ቢያንስ አንዱ ከመምህር መሆን ስለሚኖርበት የድሮ መምህርሽን አትተዊው። ባያስታውስሽ አይፈረድበትም፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርእስ፣ ያስተማረሽን ኮርስና ያገኘሽውን ውጤት፣ ከዚያ ወዲህ የሠራሽውንም በግማሽ ገጽ ላኪለት። ሁለተኛውን ግን በማዕረግ አትምረጪው። ርእሰ መምህሩ «ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ምስጉን» ብሎ ይጽፍልሻል፤ ይህ ለማንም የሚጻፍ ነው። ተማሪ ሲከብድብሽ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የምትልኪ ከሆነ፣ የምትልኪያቸውን የሚቀበለው ባለሙያ ስለ አንቺ አንድ እውነተኛ ነገር ሊናገር ይችላል፤ መቼ ራስሽ እንደምትይዢና መቼ እንደምታስተላልፊ አይቷልና።

የኮምቦልቻ ልጅ (ከአገር ውጭ)

የመምህርን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ በአንድ ነገር ላይ ብቻ ጥቂት እጨምራለሁ። እኔ በአሜሪካ የካውንስሊንግ ማስተርስ ለመማር ሳመለክት የአባቴን ሞት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የጻፍሁት፤ በቃለ መጠይቁ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው እሷን ዓረፍተ ነገር አነሡ። የጠየቁኝ ሰው የሚነግርሽ ነገር ከአንቺው ሐዘን ጋር ሲገጥም ምን ታደርጊያለሽ የሚል ነበር። እኔ መልስ አልነበረኝም፤ አለቀስሁ። መቀበሉን ተቀበሉኝ፤ ቢሆንም አንቺ ተዘጋጅተሽ ብትገቢ እወድዳለሁ። ከማን ጋር እንደምታወሪ፣ የከበደ ቀን ሥራሽን እንዴት እንደምታቆሚ፣ የትኛው ታሪክ እንደሚያምሽ አስቀድመሽ ለራስሽ መልሺ። ይህ በወረቀቱ ላይ የሚጻፍ አይደለም፤ በልብሽ ይዘሽው የምትገቢው ነው።

ካውንስሊንግ ወይስ ክሊኒካል ላልሽው፣ ሁለቱ ብዙ የሚጋሩት አለ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ይበልጥ የሚያዘነብለው ከበድ ያለ የአእምሮ ሕመምን ወደ መመርመርና ማከም ነው፤ ካውንስሊንግ ደግሞ ወደ ሐዘን፣ ወደ ቤተሰብ፣ ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ ሕይወት ነው። አንቺ ከትምህርት ቤት መውጣት የምትፈልጊ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ካውንስሊንግ ይስማማሻል እላለሁ።

ከስያሜው ይልቅ ግን የተግባር ልምምዱን ጠይቂ። እዚህ ካክሬፕ የሚባለው የካውንስሊንግ ትምህርትን የሚመዝነው አካል አንድ ማስተርስ 60 ክሬዲት እንዲሆን ይጠይቃል። ተማሪው መጀመሪያ ቢያንስ 100 ሰዓት ፕራክቲከም፣ ማለትም የመጀመሪያ ደረጃ የተግባር ልምምድ፣ ይሠራል፤ ከዚያ ውስጥ 40ው ከተገልጋይ ጋር ፊት ለፊት ነው። ቀጥሎ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ አለ፤ ከዚያም 240ው እንዲሁ ፊት ለፊት ነው። ይህ የአሜሪካ ደንብ እንጂ የኢትዮጵያ አይደለም፤ በአገራችን መለኪያ አድርጊው ማለቴም አይደለም። ነገር ግን ሰዓቱ የጠቀመኝ የሚከታተለኝ ሰው ስለነበረ ነው። በየሳምንቱ አንድ ልምድ ያላት አማካሪ አጠገቤ ተቀምጣ የተቀዳውን ድምፄን ታስቆምና «እዚህ ጋ ለምን ቸኮልሽ?» ትለኝ ነበር። «አይዞሽ» ማለትን የተውሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በዚያ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ስታመለክቺ፣ ተማሪዎቻችሁ በተግባር የሚሠሩት የት ነው፣ ሲሠሩ የሚከታተላቸውስ ማን ነው ብለሽ ጠይቂ። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ሁለተኛ ምርጫ ያዢ።

የሆጤዋ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከላይ ባለው ጥያቄዬ ላይ የክፍሏን ደረጃ አውጥቼ የሕመሟን ዓይነት ቀይሬዋለሁ። ልጅቷ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ስልኳን አፈላልጌ ደወልሁላትና ምን ልጽፍ እንዳሰብሁ አንድ በአንድ ነገርኋት። ፈቀደችልኝ፤ አባቷ የሞተበትን ቦታ ብቻ እንዳልጽፍ ለመነችኝ። በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ባለሙያም ደብዳቤውን ሊጽፍልኝ ተስማምቷል። መግቢያዬን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ፤ ብታዩልኝ፦

«ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው ጽድ ሥር አንዲት ተማሪ ስለ ሞተው አባቷ መናገር ስትጀምር አይዞሽ ብዬ አስቆምኋት። ያን ጊዜ ወንድሜን ካጣሁ ሦስት ወር አልሞላኝም ነበር፤ እንባዋን የፈራሁት ለእሷ መስሎኝ ነበር። ለሁለት ወር ወደ እኔ ሳትመጣ ስትቀር፣ በመጀመሪያ ዲግሪ የተማርሁት የማዳመጥ ትርጉም በፈተና ላይ የምጽፈው እንጂ የምሠራው እንዳልነበረ ተረዳሁ። ለዚህ ትምህርት የማመለክተው የሚያለቅስ ሰው ፊት ሳልቸኩል መቀመጥን፣ በሚከታተለኝ ሰው ፊት እየተሳሳትሁና እየታረምሁ፣ ለመማር ነው።»

መምህር ነበርሁ (ፒያሳ)

ጽዱን አውጪው፤ ከላይ ካለው ጥያቄሽም ጭምር። የትምህርት ቤታችሁ ልጆች ያችን ዛፍ ያውቋታል፤ ከማን ጋር ተቀምጠሽ እንደነበረም የሚያስታውስ አይጠፋም። «ከቢሮዬ ውጭ» ብትዪ ይበቃል። ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንዲት ቃል አትንኪ። የቀረው ገጽ ላይ ከተመረቅሽ በኋላ ወደዚያች በመደርደሪያ ወደተከለለች ጥግ ተመልሰሽ ምን እንደምትለውጪ ጻፊ፤ ቢያንስ በር ያላት ክፍል እንደሚያስፈልግሽ ጨምሪበት። የትራንስክሪፕቱን ነገር ግን ጽሑፉ እስኪያልቅ አታቆዪው፤ ነገ ጠዋት ወደ ሬጅስትራሩ ደውዪ።