ጡቴ የቱቦ ቅርጽ አለው፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገኝ ይሆን?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 23 ዓመት ነው። ጡቶቼ ማጎጥጎጥ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ቅርጻቸው ከእኩዮቼ የተለየ ነበር። ከደረቴ ጋር የሚገናኙበት ሥር ጠባብ ነው፤ ወደ ጎን ሳይሰፉ ወደ ፊት ረዘም ብለው ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ በጫፋቸው ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ክብም ሰፊና ወጣ ያለ ነው። የግራው ከቀኙ በግልጽ ያንሳል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ሰፊ ነው። ሕመም የለብኝም፤ ስዳስሰውም የጠጠረ ነገር አላገኘሁም። በከተማችን ብርድ ምክንያት ሹራብና ጋቢ ስለምንደርብ እስከ ዛሬ ማንም አላስተዋለም፤ አሁን ግን የሠርጌ ቀን እየተቃረበ በመምጣቱ ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እናቴ «ስትወልጂ ይስተካከላል» ትለኛለች፤ አክስቴ ደግሞ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ልትወስደኝ ትፈልጋለች። ሳነብ «ቱቡላር ጡት» ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል ሆኖ አገኘሁት። በሽታ ነው ወይ? ልጅ ማጥባትስ እችላለሁ? ቀዶ ሕክምናው ምን ዓይነት ነው?

ጠቅላላ ሐኪም

የገለጹት ሁኔታ ከቱቡላር ጡት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል፤ እርግጠኛ ለመሆን ግን በአካል መታየት ያስፈልጋል። በሽታ አይደለም። ከተፈጥሮ ጋር የሚመጣ፣ በጉርምስና ዕድሜ ጡት ሲያድግ የሚገለጥ የቅርጽ ልዩነት ነው። ሪስ እና አስተን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 በሕክምና ጽሑፍ ገልጸውታል።

በጡቱ ሥር ጥብቅ የሆነ የጅማት ቀለበት ስለሚኖር የጡቱ ዕጢ ወደ ታችና ወደ ጎን ሊሰፋ አይችልም። ስለዚህ መሐሉን በጠፍር እንደታሰረ ስልቻ መውጫ ወዳገኘበት አቅጣጫ ይገፋል፤ የሚወጣውም ቆዳው ሳሳ በሚልበት በጠቆረው ክብ በኩል ነው። ክቡ የሚሰፋውና የሚያብጠው በዚህ ምክንያት ነው። መስታወት ፊት ቆመው ከጡትዎ ሥር ያለውን እጥፋት ይመልከቱ፤ ከተለመደው ቦታ ከፍ ብሎ ከተቀመጠና ከእጥፋቱ እስከ ጫፉ ያለው ቆዳ አጭር ከሆነ ዋናው ምልክት እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ አመዳደብ በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፦ በአንደኛው የጎደለው የታችኛው ውስጣዊ ክፍል ብቻ ነው፣ በሁለተኛው የታችኛው ክፍል በሙሉ ነው፣ በሦስተኛው ደግሞ ጡቱ በአራቱም አቅጣጫ ጠባብ ነው። ሁለቱ ጡቶች የተለያየ ደረጃ ላይ መገኘታቸው የተለመደ ነው።

እናትዎ ያሉት ከመልካም ልብ የመጣ ቢሆንም፣ ቀለበቱን እርግዝና አይፈታውም። ጸበሉን በተመለከተ ከእምነትዎ ጋር የምጋጭበት ምክንያት የለኝም፤ ምርመራውን ግን አያስቀርብዎ። በተለይ ከዚህ በፊት ያልነበረ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ በቅርቡ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ ወይም ደም ያለበት ፈሳሽ ቢመጣ ከቅርጹ ጋር የማይገናኝ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው አጥብቄ መናገር የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ብዙዎች ኢምፕላንት (ጡትን ለመሙላት ውስጡ የሚቀበር ሰው ሠራሽ ከረጢት) በማስገባት ብቻ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ቀለበቱ ሳይፈታ ኢምፕላንት ቢገባ አሮጌው እጥፋት በጡቱ መሐል እንደ መስመር ይቀርና አንዱ ጉብታ በሌላው ላይ የተደረበ ይመስላል። ትክክለኛው አሠራር በጠቆረው ክብ ጠርዝ ገብቶ ቀለበቱን ከበስተኋላ በተለያየ አቅጣጫ መብጣትን፣ ዕጢውን ወደ ታች መዘርጋትን፣ እጥፋቱን ዝቅ ማድረግንና ክቡን ማጥበብን ያጠቃልላል። የጎደለው መጠን ከዚያ በኋላ በኢምፕላንት፣ ወይም ከሆድና ከጭን በሚመጠጥ የራስ ስብ ይሞላል። የስቡ ከፊል በሰውነት ስለሚመጠጥ መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል። ቆዳው እጅግ ጥብቅ ከሆነ በመጀመሪያ ጨዋማ ውኃ ቀስ በቀስ የሚሞላበት መለጠጫ ከረጢት ተቀብሮ፣ ቆዳው ሲለጠጥ በዘላቂው ኢምፕላንት ይተካል።

ጉዳት የለውም አልልዎትም። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የጡት ጫፍ ስሜት መቀነስ ሊያጋጥም ይችላል፤ በኢምፕላንት ዙሪያም ጠባሳ ተሰብስቦ ጡቱን ሊያጠጥረው ይችላል። ኢምፕላንት ለዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ ስላልሆነ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊከተል እንደሚችል ከወዲሁ ይታሰብበት። ከአንዳንድ ሸካራ ገጽ ካላቸው ኢምፕላንቶች ጋር የተያያዘ፣ ብዙም የማያጋጥም ሊምፎማ (የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ካንሰር) በመታወቁ እ.ኤ.አ. በ2019 የተወሰኑት ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል፤ ስለዚህ ዓይነቱን ጠይቀው ይወቁ።

አዋላጅ ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ እኔ ስለ ማጥባቱ ልንገርሽ፤ ዶክተሩ አልደረሱበትምና። እንዲህ ያለ ጡት ካላቸው እናቶች መካከል ልጃቸውን አጥግበው የሚያጠቡ አሉ፤ ወተት ሰጪው ዕጢ በቂ ሆኖ ባለማደጉ ወተታቸው የሚያንስባቸውም አሉ። ከመውለድሽ በፊት ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም፤ ሆኖም በእርግዝና ጊዜ ጡትሽ እምብዛም ካልጨመረ ለአዋላጆችሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሕፃኑ እንደተወለደ እንገሩን ስጪው፣ ቶሎ ቶሎም አጥቢው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀንና በሌሊት ቢያንስ 6 ጊዜ ጨርቅ ማርጠቡን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም የተወለደበትን ክብደት መመለሱን ተከታተዪ። ካልሆነ ማጥባቱን ሳታቋርጪ ተጨማሪ ወተት ይታዘዝለታል። ወተት ያነሳት እናት «ሰነፍ» እየተባለች ስትወቀስ ማየት ያንገበግበኛል፤ የጎደለው ዕጢ እንጂ ትጋት አይደለም።

በጠቆረው ክብ በኩል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የወተት ቱቦዎችንና ነርቮችን ሊነካ ስለሚችል፣ ልጅ የመውለድ ሐሳብ እንዳለሽ ለቀዶ ሐኪሙ ሳትነግሪ ጠረጴዛው ላይ አትውጪ።

የመንዝ ልጅ

እኔ ቀዶ ሕክምናውን አድርጌያለሁ። ሐኪሙ አስቀምጦ ከአንገቴ ሥር ካለው ጉድጓድ እስከ ጡቴ ጫፍ በሜትር ለካ፤ በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት ደግሞ ገና ሳልተኛ አቁሞኝ አዲሱ እጥፋት የሚያርፍበትን ቦታ በእስክርቢቶ ሣለው፤ ሰው ሲተኛ ጡቱ ቦታውን ስለሚለቅ ነው ብሎ አስረዳኝ። የእኔ በራሴ ስብ ነው የተሞላው። ለሳምንታት የሚደግፍ ጡት መያዣ ሌሊትም ጭምር አድርጌያለሁ፤ ጀሪካን ማንሣትም ሆነ እጅን ከትከሻ በላይ መዘርጋት ተከልክዬ ነበር። ሁለቱ ጡቶቼ ዛሬም ፍጹም እኩል አይደሉም፤ ቢሆንም ደስተኛ ነኝ። ጠባሳሽ የሚያብጥ ዓይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ ጆሮሽን ስትበሺ ከተቆጣ፣ ለሐኪሙ ንገሪ።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ነገር ቀለለኝ። ሠርጌ ጥር ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢደረግ ይሻላል? የጤና መድን ካርዳችንስ ይሸፍነዋል?

ጠቅላላ ሐኪም

ለሠርግ ብለው እንዲቸኩሉ አልመክርም። እብጠቱ ጠፍቶ የመጨረሻው ቅርጽ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ቶሎ ለመውለድ ካሰቡ ደግሞ እርግዝናና ማጥባት ቅርጹን እንደገና ስለሚለውጡት፣ ልጅዎን ጡት ካስጣሉ በኋላ ጥቂት ወራት ቆይተው ቢወስኑ የተሻለ ይመስለኛል። ለዕጮኛዎ አስቀድመው ቢነግሩትም መልካም ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ለውበት ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን አይሸፍንም፤ ምርመራው ግን የተለየ ነው። በመጀመሪያ እዚያው ደብረ ብርሃን ሪፈራል ሆስፒታል ቀርበው ይታዩ፤ አስፈላጊ ከሆነ አልትራሳውንድ ይደረግልዎታል። ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ወረቀት ቢጽፉልዎ በአለርትና በየካቲት 12 ሆስፒታሎች የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍሎች አሉ። ሲቀርቡ ቀዶ ሐኪሙ የቱቡላር ጡት ማስተካከያ ሠርቶ የሚያውቅ መሆኑን ይጠይቁ፤ የሠራቸውንም ሰዎች ከፊትና ከጎን የተነሡ ፎቶዎች፣ ፊታቸው ሳይታይ፣ እንዲያሳይዎ ይለምኑት።